ዕዳው የቀለጠው በማን ኪስ ነው? የቤት ብድርን ቀድሞ የመክፈል አጭር ታሪክ

አክስቴ ከመጀመሪያዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ባለዕድሎች አንዷ ናት። ባለ አንድ መኝታ ቤት ደረሳት፤ ብድሩም በ20 ዓመት የሚከፈል ነው ተባለች። 20 ዓመት የሚባለው ነገር ግን አልተዋጠላትም። ልጇ ከቤይሩት የምትልክላትን አጠራቅማ፣ የዕቁቧን ጨምራ፣ ከአስቤዛው ቀንሳ፣ በ2003 ዓ.ም. ቀሪውን ብድር ጠቅልላ ከፈለች። ከዕዳ ነፃ መሆኗን የሚገልጸውን ወረቀት ይዛ የመጣች ቀን ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ።

ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ ዛሬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕጣው የወጣላቸው በዚያው ዙር ነው። ቤቱ ያው ነው፣ ብድሩም ያው ነው። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ በየወሩ ያቺኑ ጥቂት መቶ ብር ይከፍላሉ። ያኔ ከደመወዛቸው ትልቅ ቁራጭ የምትወስደው ክፍያ ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ አትበቃም።

ባለፈው በዓል ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። ብልጧ እሷ ናት ወይስ እሳቸው? ግማሹ “ዕዳ ይዞ የሚተኛ ሰው ምን እንቅልፍ አለው?” አለ። ግማሹ ደግሞ “ብሩ እየረከሰ፣ ዕዳው በራሱ ጊዜ እየቀለጠ፣ ምን አስቸኮላት?” አለ። ጥያቄው ከቤተሰብ ወግ የሚያልፍ ታሪክ እንዳለው የገባኝ ሳነብ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ያንን ነው።

በሒሳቡ እንጀምር

ታሪኩ እንዲገባን መጀመሪያ የቤት ብድር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። 200 ሺህ ብር በ9.5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ሰው በወር 1,864 ብር ገደማ ይከፍላል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 1,583 ብሩ ወለድ ነው። ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 281 ብር ብቻ ነው። ሰውየው 20 ዓመት ከፍሎ ሲጨርስ በጠቅላላው 447 ሺህ ብር ገደማ ከፍሏል፤ ከተበደረው ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ይኸው ሰው ወጪውን አጥብቆ በየወሩ 500 ብር ቢጨምርስ? ብድሩ በ20 ዓመት ፋንታ በ11 ዓመት ከ9 ወር ገደማ ያልቃል። ከወለዱም 115 ሺህ ብር ገደማ ይተርፈዋል። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ጭማሪዋ 500 ብር ወለድ አይነካትም፣ ሙሉ በሙሉ ዋናውን ትመታለች። ዋናው ሲቀንስ የሚቀጥለው ወር ወለድም አብሮ ይቀንሳል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ወርኃዊ ክፍያቸውን ለሁለት ከፍለው በየሁለት ሳምንቱ የሚከፍሉ አሉ። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ 26 ግማሽ ክፍያ ይወጣዋል፤ ይህም 13 ሙሉ ክፍያ ነው። ሳይታወቃቸው የ13 ወሩን የኛን ዓመት ይከፍላሉ ማለት ነው።

በወረቀት ላይ እንግዲህ አክስቴ ትክክል ናት። ወረቀቱ ግን አንድ ነገር አይናገርም፤ ያ ወለድና ያ ዋና ገንዘብ የማን ገንዘብ እንደሆነ አይነግረንም። ታሪኩ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ዕቁብ የሚመስለው የበርሚንግሃም ማኅበር

የዛሬው የቤት ብድር አንዱ ሥሩ ያለው በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ከተማ ሪቻርድ ኬትሊ የሚባል የመጠጥና የእንግዳ ቤት ባለቤት ደንበኞቹን በማኅበር አሰባሰበ። አባላቱ በየጊዜው መዋጮ ያዋጣሉ። የተጠራቀመው ገንዘብ መሬት ለመግዛትና ቤት ለመሥራት ይውላል። ቤት የደረሰው አባል መዋጮውን አያቆምም፤ ሁሉም ቤት እስኪያገኝ ይቀጥላል። የመጨረሻው አባል ቤት ሲያገኝ ማኅበሩ ይፈርሳል። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ማኅበራት በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ተስፋፉ፤ በብዙዎቹም ተራ የሚለየው በዕጣ ነበር።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አይፈልግም። ዕቁብ ነው። ዳኛ አለው፣ ዕጣ አለው፣ የደረሰው ሰው እንዳይጠፋ ዋስትና አለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዕቁብ ውስጥ አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ሰው ናቸው። ዛሬ የደረሰው ተበዳሪ ነው፣ ገና ያልደረሰው አበዳሪ ነው። ቤት የደረሰው አባል መዋጮውን አስቀድሞ ቢያስገባ የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ባለተራ ቤት ቶሎ ይሠራል። ቢያዘገይ ደግሞ የሚጎዳው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ወንድሙ ነው። ዕዳን ቀድሞ መክፈል የጉርብትና ነገር ነበር።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1831 ፊላደልፊያ አጠገብ ፍራንክፎርድ በምትባል ቦታ የመጀመሪያው የአሜሪካ ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ተበዳሪ ኮምሊ ሪች የሚባል መብራት አብሪ ሠራተኛ ነበር። በ1840ዎቹ ግን እንግሊዝ ውስጥ የማይፈርሱ፣ ቋሚ ማኅበራት መጡ። አሁን ቤት የማይፈልግ ሰው ገንዘቡን ለወለድ ብቻ ማስቀመጥ ይችላል፤ ቤት የሚፈልገው ደግሞ ሳይቆጥብ መበደር ይችላል። ሥራው ተቀላጠፈ፣ ብዙ ሰውም ቤት አገኘ። ነገር ግን ቆጣቢና ተበዳሪ ተለያዩ። ፊት ለፊት መተያየታቸው ቀረ።

ሠላሳ ዓመት ከየት መጣ?

“ዕዳ ካለብህ ቶሎ ክፈል” የሚለው ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የነበረው የተለመደ የቤት ብድር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚቆይ ነበር። ብዙዎች በየወቅቱ የሚከፍሉት ወለዱን ብቻ ነው። ዋናው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስ ባንድ ላይ ይጠየቃል፤ የሌለው ሰው ብድሩን ያሳድሳል። ማሳደስ እስከተቻለ ድረስ ችግር አልነበረም። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን ባንኮች ማሳደሱን አቆሙ። በ1933 በቀን አንድ ሺህ ገደማ ቤቶች በዕዳ ይወረሱ ነበር።

የፕሬዝዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በዚያው ዓመት ያቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ብድሮችን ከባንኮች ገዝቶ በ15 ዓመት፣ በ5 በመቶ ወለድ፣ ዋናውና ወለዱ በእኩል ወርኃዊ ክፍያ አብረው እንዲያልቁ አደረገ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደግሞ ባንኮች በዚህ መልክ ለረጅም ጊዜ እንዲያበድሩ ዋስትና ሰጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጊዜው ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምናየው የ30 ዓመት ብድር እንዲህ የተወለደ ነው። ያን የመከራ ዘመን ያሳለፉ ቤተሰቦችና አብያተ ክርስቲያናት ብድራቸውን ሲጨርሱ የዕዳውን ወረቀት በድግስ ያቃጥሉ ነበር። ደስታው ከአክስቴ ፈንዲሻ የተለየ አይመስለኝም።

ከዚያ 1970ዎቹ መጡ። የዋጋ ግሽበት አሜሪካን ያዛት፤ በ1980 ከ13 በመቶ አለፈ። በ1960ዎቹ በ6 በመቶ ገደማ የተበደረ ሰው ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲጨምር ወርኃዊ ክፍያው ግን ባለበት ቆመ። ዕዳው ቀለጠ። ቀድሞ የከፈለ ተሞኘ፣ ቀስ ብሎ የከፈለ አተረፈ።

ታዲያ የቀለጠው ገንዘብ የት ገባ? ለቤት የሚያበድሩት የቁጠባ ማኅበራት ገንዘቡን የሚያገኙት ከቆጣቢዎች ነበር፤ ለቆጣቢ የሚከፍሉትን ወለድ ደግሞ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ከ6 በመቶ በታች ገድቦት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የከሰረው ቆጣቢው ነው። ቆጣቢው ነቅቶ ገንዘቡን ሲያወጣ ደግሞ ማኅበራቱ ራሳቸው ወደቁ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1995 ከአንድ ሺህ በላይ የቁጠባና ብድር ተቋማት ፈረሱ፤ ለግብር ከፋዩ የተረፈው ሒሳብ ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ብድር በምድር ይሉታል ይሄ ነው። ዕዳ አይጠፋም፤ ካንዱ ትከሻ ወርዶ ሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በእኛም አገር ለከተሜው ቤት መሥሪያ የሚያበድሩ የቁጠባ ተቋማት በ1950ዎቹ ተቋቁመው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ነባሮቹ ተቋማት ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተመሠረተ። ይህ ባንክ በ1986 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ለቤት ብድር የተለየ የነበረው ባንክ በዚሁ ታሪክ ሆነ።

አክስቴ ለምን እንደቸኮለች የገባኝ ይህን አዋጅ ሳስብ ነው። አባቷ ጉለሌ ውስጥ ሁለት የጭቃ ቤት ነበራቸው። አንደኛዋን አከራይተው ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። በ1967 ያቺ ቤት “ትርፍ” ተባለች። እሷ ያኔ ልጅ ናት። ለእሷ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈለበት ቤት የሰው ወርቅ ነው፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም። ፍርሃቷን የሚያጠናክር ሕግም አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል።

ኮንዶሚኒየም የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚል አዲስ ምዝገባ ተካሄደ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድመ ክፍያውን ከፍሎ ቀሪውን ከ10 በመቶ በታች በሆነ ወለድ ለረጅም ዓመት ይከፍላል። ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም።

አሁን ግሽበቱን አጠገቡ አስቀምጡት። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ነበር። በ2003 ክረምት፣ ማለትም አክስቴ ፈንዲሻ በበተነችበት ዓመት፣ 40 በመቶ ገደማ ደረሰ። በ2014ም ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ግሽበቱ በአማካይ 20 በመቶ ነው ብለን ብንነሣ እንኳ፣ በምሳሌያችን ያየነው የ1,864 ብር ወርኃዊ ክፍያ ከአሥር ዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ 300 ብር ያህል ብቻ ነው።

በዶላር ሲሰላ ደግሞ ይበልጥ ያማል። አክስቴ ጠቅልላ የከፈለችው 40 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በወቅቱ አንድ ዶላር ከ16 እስከ 17 ብር ይመነዘር ነበርና፣ ያ ገንዘብ የቤይሩቷ ልጅ ከ2,300 ዶላር በላይ ላብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው 40 ሺህ ብር ዛሬ ከ400 ዶላር በታች ነው። ልጅቷ በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ አብዛኛው የዋለው ራሱ ሊቀልጥ የነበረን ዕዳ ለመግደል ነው።

ስለዚህ መምህሩ ብልጥ ነበሩ ማለት ነው? በሒሳብ አዎ። ግን ያተረፉት ከማን ነው?

የወረፋው ሰው

መልሱ የአሜሪካኑ ነው፤ ከቆጣቢው ነው። የኮንዶሚኒየሙ ገንዘብ የመጣው በዋናነት ከንግድ ባንክ ነው፤ የባንኩ ገንዘብ ደግሞ የአስቀማጩ ነው። ባንኮች ለቆጣቢ እንዲከፍሉ ብሔራዊ ባንክ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ከ2003 እስከ 2010 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 7 በመቶ ነበር። ግሽበቱ ከላይ እንዳየነው ነው።

ከቆጣቢዎቹ መካከል ደግሞ አንዱ የተለየ ሰው አለ፤ ቤት ይደርሰኛል ብሎ የተመዘገበው። ለባለ አንድ መኝታ የ20/80 ቤት በወር 274 ብር፣ ለአምስት ዓመት 16,440 ብር። ያ የቁጠባ ደብተር እኔም ጋ አለ። ስመዘገብ ገና ተመራቂ ነበርኩ። ዛሬ በዚያ 16,440 ብር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ለአንድ ወር እንኳ መከራየት የማይቻልባቸው ሰፈሮች አሉ። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ በኮምፒውተር መረጃው ላይ ችግር ተገኝቶ ተሰርዞ፣ በ2015 እንደገና መውጣቱን ታስታውሳላችሁ። ከ1997 ጀምሮ የቆሙ ሰዎች ያን ቀን ሁለት ጊዜ ልባቸው ተሰቅሏል።

እንግዲህ ይህ ከበርሚንግሃሙ ዕቁብ ጋር ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። በዚያ ማኅበር ቤት የደረሰው ሰው ክፍያ የሚቀጥለውን ሰው ቤት ይሠራ ነበር። በእኛ ግን የደረሰው ሰው የሚመልሰው ብር የሚቀጥለውን ሰው የደረጃ እርከን እንኳ አይሠራም። ዕቁቡ ዕጣውን ይዞ ቀረ፤ ዋጋውን ጠብቆ የሚመልስ ክፍያ ግን አልነበረውም። ለደረሰው ሲሳይ ሆነ፣ ላልደረሰው ኪሳራ።

መምህሩን አልወቅስም። ሕጉ የሰጣቸውን ከፈሉ፤ አንድ ወር አላሳለፉም። አክስቴንም ሞኝ አልላትም። የምወቅሰው ቀድሞ የሚከፍለውን የሚቀጣ፣ ቆጥቦ የሚጠብቀውን የሚዘርፍ የወለድ አሠራር ነው። ቤት በዕጣ ማደል ይቻላል። የወረፋውን ሰው ገንዘብ እያቀለጡ ማደል ግን ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው መስጠት ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የመምህሩን ዕድል እንደ ምክር የሚወስድ ወጣት ሊጎዳ ይችላል። ዕዳው የቀለጠላቸው ወለዱ ከግሽበቱ እጅግ በታች ስለነበረ ነው። በ2016 ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስተዋውቋል። ዛሬ ከባንክ በገበያ ወለድ ቤት የሚገዛ ሰው የኮንዶሚኒየሙ ዘመን ብድር አይደለም የያዘው። ግሽበቱ ከብድሩ ወለድ በታች በወረደ ቀን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያን ቀን የአክስቴ መንገድ ትክክል ይሆናል።

ስለዚህ ቀድሞ ለመክፈል ስትነሡ የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የብድሬ ወለድ ይበልጣል ወይስ ግሽበቱ? ሁለተኛው፦ ወለዱ እስከ መጨረሻው የማይለወጥ ነው ወይስ ባንኩ ሊያሻሽለው ይችላል? ሦስተኛው፦ የምጨምረው ገንዘብ ከዋናው ላይ ይቀነስልኛል ወይስ እንደሚቀጥለው ወር ክፍያ ይያዝብኛል? ይህን በጽሑፍ ጠይቁ። አራተኛው፦ ብታመም ወይም ሥራ ባጣ የጥቂት ወር ቀለብ ተርፎኛል? ግድግዳ ውስጥ የገባ ብር በችግር ቀን ዳቦ አይገዛም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 በ3 በመቶ ገደማ የተበደረ ሰው የሚያስቸኩለው ነገር የለም። 400 ሺህ ዶላር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት የተበደረ ግን ሌላ ነው። በወር 300 ዶላር ቢጨምር ብድሩን ከ22 ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳል፤ ወደ 150 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ወለድም ይተርፈዋል።

ለአገር ቤት ደግሞ ጥያቄው ከግለሰብ በላይ ነው። አዲስ የቤት ብድር ሥርዓት ይምጣ ሲባል እሰማለሁ። ይምጣ። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ “ተበዳሪው በስንት ዓመት ይከፍላል?” መሆን የለበትም። “ቆጥቦ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ገንዘብ ዋጋውን ይዞ ይቆያል ወይ?” መሆን አለበት። ለእሱ መልስ የሌለው የቤት ፕሮግራም ዳኛው የጠፋበት ዕቁብ ነው።

ያን የበዓል ቀን ክርክሩ ሲጦፍ አክስቴ ዝም ብላ ሲኒ ታጥብ ነበር። በመጨረሻ “እኔ ያን ብር የከፈልኩት ለቤቱ አይደለም፣ ለእንቅልፌ ነው” አለች። መምህሩ ሳቁ። እኔ ግን የማስበው ሦስተኛውን ሰው ነው፤ የቁጠባ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ እስከ ዛሬ የሚጠብቀውን። የእሱን እንቅልፍ ማን ከፈለለት?

ቸር እንሰንብት።